ኩታ ገጠም

ምራቄን ልውጥ ስል፣ ጆሮዬ ነው ቀድሞ የሚሰቀጥጠው፤
እሾሁ ጉሮሮ ላይ፣ ጩኸቱ ግን ሽቅብ፣ በግራዬ የሚሰማው።
ሁለቱ ኩታ ገጠም፣ አጥር የሌላቸው፣
አንዱ ቤት ሲቃጠል ጭሱ በሌላው መስኮት የሚወጣባቸው።

ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት፣ ወሩ ሐምሌ፣
አንኩድ ወደብ ዳር፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ተረኛ ነኝ እንደ አመሌ።
ሥራዬ ሁለት ነው፤ መስማትና መናገር፣
በሬዲዮ፣ ከጀልባ ጋር።
"ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ፣ ማዕበሉ ሦስት ሜትር"
ለዚህ ነው ደሞዜ፤ ደግሞም የሰው ድምፅ ከውሽንፍር ለማንጠር።
ዛሬ ግን መሣሪያዎቼ አንድ ላይ ታመሙ፤
ባለ አንድ ደሞዞቹ ተማክረው አደሙ።

የጆሮ ማዳመጫውን ወደ ቀኝ አዞርኩት፣
ግራውን በባሌ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሜ ሸፈንኩት።
ለብ ባለ ውሃ፣ በጨው ተጉመጠመጥኩ፤
ጎንበስ ብዬ ተፋሁ፣ ቀና ብዬ ማልኩ፦
"ዳግመኛ ያለ ኮፍያ ወደቡ ላይ አልወጣም!"
(አምናም ምዬ ነበር፤ የመሐላዬ ዕድሜ ከጉንፋን አይበልጥም።)

የአየሩን ጠባይ ላነብ አዝራሩን ተጫንኩ፤
ድምፄ የእኔ አልነበረም፤ ማጠፊያው የዛገ በር መሰልኩ።
ትንሽ ዝም አለ ባሕሩ።
ከዚያ "ኤድልሚራ፣ አንቺ ነሽ?" አለ ኤልዮዶሮ፣ ሳይውል ሳያድር ምክሩ፦
"ማር በሎሚ፣ ፉት እያልሽ።"
"የለም፣" ብሎ ገባ ሌላው፣ "የነጭ ሽንኩርት ዘይት አሙቀሽ ጆሮሽ ውስጥ ጠብ ብታደርጊ ትድኛለሽ።"
"ተው!" አለች ኒልዳ፣ ብቸኛዋ ሴት ካፒቴን፣ "ዘይት ጆሮ አይገባም!
ታምቡሩ ተቀዶ ቢሆንስ? ፎጣ ታሙቅና ትደገፍበት፤ ሐኪም ሳያይ ሌላ ምንም!"
አሥር ጀልባ፣ በማዕበል መሐል፣ መረብ እየሳበ፣
ስለ እኔ ጉሮሮ ሸንጎ ሰበሰበ።

አሥር።
አሥራ አንድ ነበሩ የወጡት።
"ዶኛ ሩፊና" የለችም፤ የቤላርሚኖ ጀልባ፤ ብቻውን የሚወጣው ሽማግሌ፣ ምክር ሲጀምር ዝም የማያሰኙት።
ልጣራ አፌን ከፈትኩ። ምንም።
አየር ብቻ ወጣ፣ ትኩስ፣ ቃል የሌለው፤ ከኋላው ሕመም።
ደገምኩ። ጆሮዬ ውስጥ ምስማር ተመታ፤
ማንኪያዬን አነሣሁ፣ ማይክራፎኑን ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤ ጥቂት ፋታ፤
ደግሞ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ኒልዳ ገባት። "ሩፊናን ነው የምትጠራው" አለችና ድምጿን አዋሰችኝ።
ከእሷ ኤልዮዶሮ ተቀበለ፣ ከእሱ ሌላው፤
እሳት እንደሚጫጫሩ ጎረቤቶች፣ ስሙን ከደሴት ደሴት አደረሱልኝ።
እኔ ሻርፑን ጣልኩ፤
ያመመኝን ጆሮ፣ ከጤነኛው አብልጬ፣ ወደ ባሕሩ አስጠጋሁ።

አርባ ደቂቃ።
ከዚያ ሳል። ከዚያ ማዛጋት። "ምን ነካችሁ? መልሕቅ ጥዬ ተኝቻለሁ፤ በቃ!"
ቀጥሎም ስድብ፤ እናቶቻችንን ያልዘነጋ፣
እንዲህ የጣፈጠ ስድብ ጆሮዬ ገብቶ አያውቅም፤ ሌሊቱ በእሱ ነጋ።

ጠዋት ሐኪሟ ኦርቴንስያ መብራቷን አጥፍታ
"ጆሮሽ ጤነኛ ነው" አለች፣ ወንበሯን አስጠግታ።
"ቶንሲልሽ ነው ያበጠው። ነርቭ ይጋራሉ፤
ጆሮሽ የጎረቤት ሕመም ነው የሚያመው፤ እንዲህ ያሉ አሉ።
ሦስት ቀን አትናገሪ። ትኩሳት ከጠናብሽ፣ መዋጥ ካቃተሽ፣ ነገ አትበይ፣ ነይ።"

ስወጣ ቤላርሚኖ በሩ ላይ ቆሟል፤ ማር በጠርሙስ ይዟል፤ ክዳኑ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።
"ሌሊት" አለኝ፣ "አንድ ነገር ኳ ኳ ሲል ሰምቼ ነበር፤
አይጥ መስሎኝ ተኛሁ።"
ልስቅ አልኩና
ጆሮዬን ያዝኩ።